የቡድኑን ስም መርጣ፣ ያንኑ ስም እንዳትጠራ የተከለከለችው ፍሎረንስ ባላርድ

የ1960ዎቹን የአሜሪካ ሙዚቃ የሚያውቅ ሰው ሦስቱን ሴቶች አይረሳቸውም። አንድ ዓይነት የሚያብረቀርቅ ቀሚስ፣ ከፍ ብሎ የተሠራ ፀጉር፣ እኩል የሚነሳ እጅ። ዘ ሱፕሪምስ! እኛም አገር ቢሆን ያን ዘመን በጉርምስና ያሳለፉ፣ አሥመራ ቃኘው ከነበረው የአሜሪካ ጦር ሬዲዮ ወይም ጓደኛ ካዋሳቸው ሸክላ የሶል ሙዚቃ የለመዱ፣ ዛሬ አያት የሆኑ ሰዎች አሉ።

ከሦስቱ የአንዷን ስም ጥሩ ቢባል ብዙው ሰው ዳያና ሮስን ይጠራል። ጥቂቱ ሜሪ ዊልሰንን ይጨምራል። ሦስተኛዋ ጋ ሲደረስ ግን ዝም ይባላል። ነገሩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። ቡድኑ ሲመሠረት መጀመሪያ የተመረጠችው፣ ሱፕሪምስ የሚለውን ስም የወሰነችውም ያቺው ሦስተኛዋ ናት። ስሟ ፍሎረንስ ባላርድ ይባላል። ዛሬ የእሷን ታሪክ እናንሳ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ፍሎረንስ ሰኔ 30 ቀን 1943 ዲትሮይት ከተማ ተወለደች። ለእናት ለአባቷ ከ13 ልጆች ስምንተኛዋ ነበረች። አባቷ ከደቡብ፣ ከሚሲሲፒ፣ ሥራ ፍለጋ ወደ ሰሜን ከተሰደዱት በብዙ መቶ ሺህ ከሚቆጠሩ ጥቁሮች አንዱ ነው። ዲትሮይት ያኔ የመኪና ፋብሪካዎች ከተማ ናት፤ እሱም ጄኔራል ሞተርስ ገባ። ቤተሰቡ ኋላ ላይ የኖረው መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች ባሠራው የብሩስተር መኖሪያ መንደር ነው። ሜሪ ዊልሰንም ዳያና ሮስም የዚሁ መንደር ልጆች ናቸው። ሦስቱም ከአንድ ሰፈር ወጡ ማለት ነው።

ፍሎረንስ በልጅነቷ ቤተ ክርስቲያን ትዘምር ነበር። ድምፅዋ ወፍራም፣ ኃይለኛ፣ ከሩቅ የሚሰማ ነው። ኋላ ስቱዲዮ ሲገቡ የሌሎቹን ድምፅ እንዳትውጠው ከማይክሮፎኑ ራቅ ብላ እንድትቆም ይደረግ ነበር ይባላል። ከፀጉሯ ቀለም የተነሳ ሰፈር ውስጥ ብሎንዲ እያሉ ይጠሯት ነበር።

በ1959 ሚልተን ጄንኪንስ የሚባል ሰው ፕራይምስ የተባለ የወንዶች የድምፅ ቡድን ያስተዳድር ነበር። ከዚህ ቡድን የወጡ ሁለት ልጆች ኋላ ቴምፕቴሽንስን ከመሠረቱት መካከል ናቸው። ጄንኪንስ ለእነዚህ ወንዶች እህት የሚሆን የሴቶች ቡድን ፈለገ። መጀመሪያ ያገኛት ፍሎረንስን ነው። እሷ ትምህርት ቤት በተሰጥኦ ውድድር ላይ የተዋወቀቻትን ሜሪ ዊልሰንን ጠራች። ዳያና ሮስና ቤቲ ማክግሎን ተጨመሩና አራት ሆኑ። ስማቸውንም ፕሪሜትስ አሉት። ያኔ ዋናውን ድምፅ በየተራ ይይዙ ነበር፤ ጎልታ የምትሰማው ግን ፍሎረንስ ነበረች።

በዚያው ዘመን ዲትሮይት ውስጥ ቤሪ ጎርዲ የተባለ፣ መኪና ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ የነበረ ወጣት ከቤተሰቡ 800 ዶላር ተበድሮ የሸክላ ድርጅት ከፍቷል። ሞታውን ይባላል። ልጆቹ ሄደው ዘፈኑለት። እሱ ግን መጀመሪያ ትምህርታቸውን እንዲጨርሱ ነግሮ መለሳቸው። እነሱ መች ተስፋ ቆረጡ! ከትምህርት ቤት ሲወጡ እየሄዱ ደጃፉ ላይ ይውሉ ጀመር፤ ለሌሎች ዘፋኞች ቀረጻ ማጨብጨብ ካስፈለገ ያጨበጭባሉ፣ ተቀባይ ከጎደለ ይቀበላሉ።

በመካከሉ፣ በ1960፣ የፍሎረንስን ሕይወት የሰነጠቀው ነገር ደረሰ። ገና 17 ዓመቷ ነው። ከጭፈራ ምሽት ስትመለስ ቤትሽ አደርስሻለሁ ያላት ሰው በስለት አስፈራርቶ ደፈራት። ለሳምንታት ከቤት አልወጣችም፤ ጓደኞቿም ምን እንደሆነች አላወቁም ነበር። ኋላ ስትነግራቸው ደነገጡ፤ ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ አልተነሳም። ዘመኑ እንዲህ ያለ ነገር ተነግሮ የሚታከምበት ዘመን አልነበረም። ሜሪ ዊልሰን ከብዙ ዓመት በኋላ በጻፈችው የሕይወት ታሪኳ እንደገለጸችው፣ ያቺ ተጫዋችና ደፋር ልጅ ከዚያ ቀን ወዲህ ተለወጠች፤ ሰው ማመንም ከበዳት።

ጥር 1961 ሞታውን አስፈረማቸው። ጎርዲ ግን ፕሪሜትስ የሚለውን ስም ስላልወደደው ሌላ ስም ይምጣ አለ። የስሞች ዝርዝር ቀረበ፤ ፍሎረንስ ከዝርዝሩ ሱፕሪምስ የሚለውን መረጠች። ሌሎቹ ብዙም አልተደሰቱበትም፤ እሷ መረጠች፣ ቀረ። ዓለም ያወቀው ስም እንዲህ ተገኘ። ይህችን ቦታ ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ስኬቱ ቶሎ አልመጣም። ሸክላ ያወጣሉ፣ ሰው አይገዛም። ድርጅቱ ውስጥ ዘፈናቸው የማይሸጥ ልጆች እየተባሉ ይቀለድባቸው ነበር። ፍሎረንስ መሪ ሆና የዘፈነችው በተርድ ፖፕኮርን የ1961 ሥራ ነው። ቤቲ አግብታ ቀድማ ወጥታ ነበር፤ የተካቻት ባርባራ ማርቲንም በ1962 ለቀቀችና ሦስቱ ቀሩ። ቀጥሎ ጎርዲ ዋና ድምፃዊቷ ዳያና ብቻ ትሁን ብሎ ወሰነ። ቀጭንና ሹል ድምፅዋ ከትንሿ የመኪና ሬዲዮ ላይ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ የነጮቹንም ገበያ ይከፍታል ብሎ አመነ። ለገበያው አልተሳሳተም። ፍሎረንስና ሜሪ ግን ከዚያ በኋላ ተቀባዮች ሆኑ።

ነሐሴ 1964 ዌር ዲድ አወር ላቭ ጎ የሚለው ዘፈናቸው በአሜሪካ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ከዚያ የሚያቆማቸው ጠፋ፤ አምስት ዘፈን በተከታታይ አንደኛ! ሆላንድ፣ ዶዚየርና ሆላንድ የተባሉት ሦስቱ ደራሲዎች ይጽፋሉ፣ እነሱ ይዘፍናሉ፣ አገር ይጨፍራል። ፍሎረንስ በነበረችበት ጊዜ ብቻ አሥር ዘፈኖቻቸው አንደኛ ወጥተዋል። ቢትልስ ዓለምን በተቆጣጠሩበት በዚያ ሰዓት ፊት ለፊት የገጠሟቸው እነዚህ የብሩስተር መንደር ልጆች ናቸው። ጥቁር ሰው የመምረጥ መብቱን ለማስከበር ደሙን በሚያፈስበት ዘመን፣ በኤድ ሰሊቫን የቴሌቪዥን ትርኢት ሦስት ጥቁር ሴቶች እንደ ንግሥት ለብሰው በየአሜሪካዊው ሳሎን ገቡ። በ1965 የኒውዮርኩ ኮፓካባና ተከፈተላቸው። በ1966 አልበማቸው በአሜሪካ ሰንጠረዥ አንደኛ የወጣ የመጀመሪያው የሴቶች ቡድን አልበም ሆነ።

ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ግን ሌላ ነው። ዳያና ወደፊት በወጣች ቁጥር የፍሎረንስ ቦታ እየጠበበ ሄደ። በመድረክ ትርኢቱ ውስጥ ለብቻዋ የምትዘፍነው ፒፕል የሚባል አንድ ዘፈን ነበራት። እሱም ከጊዜ በኋላ ተወሰደባት። እሷ ደግሞ ችላ የምትይዝ ዓይነት አልነበረችም፤ ያላመነችበትን ፊት ለፊት ትናገራለች። ሜሪ ሁሉን በሆዷ ይዛ ስትስቅ ፍሎረንስ ከአለቃዋ ጋር ትጋጫለች። ሐዘኑ፣ ድካሙና የቆየው ቁስል ተደማምሮ ወደ መጠጥ ወሰዳት። ዝግጅት መቅረት ጀመረች፤ ክብደት ጨመረች፤ እሱም ሌላ የወቀሳ ምክንያት ሆነ።

በ1967 ሲንዲ በርድሶንግ የምትባል ድምፃዊት በምስጢር ተጠባባቂ ሆና ተዘጋጀች። ሐምሌ ላይ ላስ ቬጋስ ፍላሚንጎ ሆቴል ሲሠሩ የመጨረሻው ግጭት ተፈጠረና ፍሎረንስ ወደ ዲትሮይት ተላከች። በዚያው ሰሞን የቡድኑ ስም ተለውጦ ዳያና ሮስና ሱፕሪምስ ተባለ። ፍሎረንስ ያኔ 24 ዓመቷ ነው።

አሁን ልብ በሉልኝ ወዳልኳችሁ ነገር እንመለስ። በ1968 ከሞታውን ጋር የመለያያ ስምምነት ፈረመች። የደረሳት ገንዘብ ወደ 140 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ነው። አሥር ጊዜ አንደኛ ለወጣ ቡድን አባል ይህ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ከገንዘቡ የባሰው ግን ሌላኛው አንቀጽ ነው። ለብቻዋ ስትሠራ የሱፕሪምስ አባል እንደነበረች በማስታወቂያ እንዳትጠቅስ ታገደች። የመረጠችው ስም ለሌሎች እንጀራ ሆነ፤ ለእሷ ግን የተከለከለ ቃል!

ኤቢሲ ከተባለ ሌላ ሸክላ ድርጅት ጋር ተፈራረመች። ሁለት ነጠላ ዘፈን አወጣች። ግን አስቡት፤ አድማጩ ማን መሆኗን በምን ይወቅ? ከየት እንደመጣች መናገር አይቻልም። ዘፈኖቹ ሳይሰሙ ቀሩ፤ የተቀረጸው አልበምም በዚያን ጊዜ ሳይወጣ ቀረ። በዚያው ዓመት የካቲት የሞታውን ሾፌር የነበረውን ቶማስ ቻፕማንን አግብታ ነበር፤ መንታ ሴቶች ወለደች፤ በ1971 ሦስተኛ ሴት ልጅ ጨመረች።

ያላት ገንዘብም አልበረከተም። ገንዘቤን አጥፍቷል በሚል ጠበቃዋን ከሰሰች። ሞታውንንም 8.7 ሚሊዮን ዶላር ጠይቃ ከሰሰች፤ ክሱ ተቀባይነት አላገኘም። ትዳሯ ተናጋ። ዕዳው ሲከመር ቤቷ ተወሰደ። በመጨረሻ ሦስት ልጆቿን ለማሳደግ ከመንግሥት የድሆች ድጎማ መቀበል ጀመረች። በ1975 ጋዜጦች ይህን ሲጽፉ አሜሪካ ደነገጠች። ዘፈኗ ግን በዚያን ሰዓትም በየሬዲዮው ይሰማ ነበር!

ጓደኛዋ ሜሪ አልተወቻትም። በ1974 ካሊፎርኒያ ጠርታት መድረክ ላይ አወጣቻት። በቀጣዩ ዓመት ነገሮች ትንሽ ተቃኑ። በፍርድ ቤት ጉዳይ በስምምነት የካሳ ገንዘብ አገኘች፣ ሌላ ቤት ገዛች፣ ከባሏም ታረቀች። ሰኔ 1975 ዲትሮይት ፎርድ አዳራሽ ውስጥ መድረክ ላይ ቆመች። ዝግጅቱ የእስር ቤት ጠባቂ ሊደፍራት ሲል ገድላለች ተብላ ለተከሰሰችው ጥቁር ሴት፣ ለጆአን ሊትል መከላከያ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ነበር። በ17 ዓመቷ የደረሰባትን ለሚያውቅ ሰው ያ መድረክ ተራ መድረክ አይደለም። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበላት።

ግን አልቆየም። የካቲት 1976 ታማ ሆስፒታል ገባች፤ በማግስቱ የካቲት 22 አረፈች። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 14 ቀን 1968 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የልብ ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ነው የገደላት። ዕድሜዋ 32 ዓመት ብቻ ነበር። የቀብር ጸሎቱ የአሬታ ፍራንክሊን አባት ቄስ ሲ. ኤል. ፍራንክሊን በሚያገለግሉበት በኒው ቤተል ቤተ ክርስቲያን ተደረገ። በሺህ የሚቆጠር ሰው ደጁን ሞላው። ዳያናም ሜሪም መጥተው ተሰናበቷት።

ከሞቷ በኋላ ዓለም መለስ ብሎ አያት። በ1981 ኒውዮርክ ድሪምገርልስ የሚባል የሙዚቃ ቴአትር ወጣ፤ ኤፊ የተባለችው ገጸ ባሕርይ የፍሎረንስን ዕጣ ታስታውሳለች። በ2006 ፊልም ሲሆን ኤፊን የተጫወተችው ጄኒፈር ሃድሰን ኦስካር ወሰደችበት። ልዩነቱ ኤፊ በመጨረሻ ወደ መድረክ ተመልሳ ከጓደኞቿ ጋር መዝፈኗ ነው። በ1988 ሱፕሪምስ በሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ሲመዘገቡ ፍሎረንስ በሕይወት ስላልነበረች ከልጆቿ አንዷ በስሟ ቆመች። በ2021 ያረፈችው ሜሪ ዊልሰን ደግሞ፣ ምንም የመጀመሪያ አባል የሌላቸው ሰዎች በታዋቂ ቡድኖች ስም እንዳይነግዱ የሚከለክል ሕግ እንዲወጣ ለዓመታት ታገለች። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶችም ሕጉ ጸደቀ።

ይህን ታሪክ የምናነሳው ዳያናን ለመውቀስ አይደለም። መጠጡ የራሷ ነው፤ ከፊርማዎቹም በታች ያለው እጅ የራሷ ነው። ግን ውሉን ስትፈርም የ17 ዓመት የድሃ ልጅ ነበረች፤ ስትሰናበትም ምን እንደምትሸጥ በቅጡ የነገራት ያለ አይመስልም። ሰው ድምፁን ሊሸጥ ይችላል። ማን እንደሆነ የመናገር መብቱን ግን መሸጥ የለበትም። ዛሬ ስቱዲዮ በር ላይ የቆማችሁ ወጣቶች፣ ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ፤ ካልገባችሁ የሚገባውን ሰው አስነብቡ።

እናንተ ደግሞ ያን ዘመን የምታስታውሱ፣ የሱፕሪምስን ሸክላ ዳግም ስትሰሙ ከፊት ያለውን ድምፅ ተዉትና አንድ ጊዜ ከኋላ ያለውን ስሙ። እዚያ ውስጥ ናት።

የፍሎረንስ ባላርድን ነፍስ ይማር!