ከከሰል ጕድጓድ የወጣው ኬር ሃርዲ

አንባቢ ሆይ፥ የስኮትላንዱን ሰው ኬር ሃርዲን ተመልከት። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1856 ከድኻ ገረድ ተወልዶ፥ በ10 ዓመቱ ወደ ድንጋይ ከሰል ጕድጓድ ገባ፤ በዚያም ነፋስ የሚያልፍበትን ደጅ በጨለማ ሲከፍትና ሲዘጋ ይውል ነበር። ካደገ በኋላ ስለ ባልንጀሮቹ ደመወዝ በመከራከሩ የጕድጓዱ ጌቶች ሥራ ነሡት። በ1888 ሚድ ላናርክ በሚባል አውራጃ ለፓርላማ ሊመረጥ በቀረበ ጊዜ፥ ሊበራሎች ውድድሩን ቢተው በዓመት 300 ፓውንድና ሌላ የፓርላማ ስፍራ እንደሚያሰጡት ተስፋ ሰጡት። በዚያ ዘመን የፓርላማ ሰው ደመወዝ አልነበረውምና፥ ይህ ነገር ለድኻ አባወራ ቀላል ፈተና እንዳይመስልህ! እርሱ ግን እንቢ አለ፤ 617 ድምፅ ብቻ አግኝቶም ተሸነፈ። በ1892 ግን በሎንዶን አጠገብ የነበረው ዌስት ሃም ሳውዝ መረጠው፤ የሠራተኛ ልብሱን እንደ ለበሰም ወደ ምክር ቤቱ ገባ። በ1900 ደግሞ የዌልስ ከተማ ሜርተር ቲድፊል መረጠችው፤ በ1915 እስኪሞትም ድረስ ወኪሏ ነበረ።