ማዕበል ሊያጠና ሄዶ በረዶ ላይ የቀረው ሰው

  በዛሬው የታዋቂ ሰዎች ታሪክ የማቀርብላችሁ አልፍሬድ ቬገነርን ነው። እኛ መተማ ላይ በሚያዝያ ሙቀት ጥላ ለጥላ ስንሄድ እንውላለን። እሱ ግን የሞተው በረዶ ላይ ነው።

ቬገነር እ.ኤ.አ. በ1880 በጀርመን አገር በበርሊን ከተማ ተወለደ። መጀመሪያ የተማረው ስለ ከዋክብት ነበር፤ በኋላ ግን ልቡ ወደ አየር ጠባይ አዘነበለ። እ.ኤ.አ. በ1906 ከወንድሙ ጋር በትልቅ ፊኛ ተሳፍሮ ከ52 ሰዓት በላይ አየር ላይ ቆየ። በጊዜው ይህን ያህል የቆየ ሰው አልነበረም። አህጉራት ይንቀሳቀሳሉ ያለውም እሱ ነው። ብዙ ምሁራን አልተቀበሉትም ነበር፤ እውነት መሆኑ የታወቀው ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ቬገነር አራት ጊዜ ወደ ግሪንላንድ ሄዷል። ግሪንላንድ በሰሜን ዋልታ አጠገብ ያለች፣ አብዛኛው መሬቷ በበረዶ የተሸፈነ ደሴት ናት። እዚያ ቀዝቃዛው አየር ከበረዶው ጋራ ላይ እየተንደረደረ ወደ ባሕር ይወርድና ኃይለኛ ነፋስ ይሆናል። እሱም ይህን ዓመቱን ሙሉ ለመለካት ፈለገ።

እ.ኤ.አ. በ1930 ጓደኞቹ ከባሕሩ 400 ኪሎ ሜትር ርቀው በረዶው መሀል ጣቢያ ሠሩ። ክረምቱ ሲመጣ ስንቃቸው እንዳያልቅ ቬገነር ውሾች በሚጎትቱት ጋሪ ተነሳ። ማዕበሉ ስለበረታ አብዛኞቹ ረዳቶቹ ከመንገድ ተመለሱ። እሱ ግን ከ40 ቀን ጉዞ በኋላ ደረሰ። 50 ዓመት በሞላው ቀን ራስሙስ ቪሉምሰን ከሚባል የግሪንላንድ ወጣት ጋር ለመመለስ ወጣ። ሁለቱም አልተመለሱም። በሚቀጥለው ዓመት የቬገነር አስከሬን በረዶ ውስጥ በክብር ተቀብሮ ተገኘ። የቀበረው ቪሉምሰን ነበር፤ የራሱ አስከሬን ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ጣቢያው ላይ የቀሩት ጓደኞቹ በረዶ ቆፍረው ውስጡ እየኖሩ ብርዱንና ነፋሱን መዝገቡን አላቋረጡም። ታዲያ ይህ ምን ጠቀመ? ዛሬ ዓለም እየሞቀች ነው፤ የሰሜን ዋልታ አካባቢ ደግሞ ከሌላው በበለጠ ፍጥነት ይሞቃል። የባሕሩ በረዶ ሲቀልጥ ውኃው ገላጣ ይሆናል። ከውኃው የሚወጣው ሙቀትና እንፋሎት ለማዕበል ጉልበት ይሰጣል። በረዶ ይከላከልለት የነበረውን ዳርቻም ሞገድ ይበላዋል። ነሐሴ 8 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የግሪንላንድ በረዶ ጫፍ ላይ ዝናብ ዘነበ። እዚያ ቦታ መመዝገብ ከተጀመረ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም። ለውጡ የታወቀው እኮ ድሮ የጻፉ ሰዎች ስላሉ ነው!

አባቴ ሰሊጥ ይዘራል። ዝናቡ እንደ ድሮው አይደለም ይላል። በስንት ቀን ዘገየ ብዬ ስጠይቀው ግን አላወቀም፤ የጻፈው የለማ። ስለዚህ ክበባችን ከዘንድሮ ጀምሮ ዝናብ የጣለበትን ቀን በደብተር ቢመዘግብ ምን ይመስላችኋል? ለዚህ በረዶ ላይ መሞት አያስፈልግም፤ እስክሪብቶ ይበቃል።



አዘጋጅ፦ ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል