ዶ/ር ቨርጂኒያ አፕጋር፦ በልጅዎ ካርድ ላይ ያለው ስም የማን ነው?

ልጅዎ የተወለደው በጤና ተቋም ከሆነ የወሊድ ካርዱን ወይም የመውጫ ወረቀቱን አንዴ ይመልከቱ። «አፕጋር» ከሚለው ቃል አጠገብ 7/9 ወይም 8/9 የመሰለ ቁጥር ሳይጻፍ አይቀርም። አንዳንድ ወላጆች የፈተና ውጤት እየመሰላቸው ለምን አስር እንዳልሞላ ይጠይቁኛል። አፕጋር ግን የሰው ስም ነው፤ የሴት ሐኪም ስም። እሳቸውም የማህፀን ወይም የሕፃናት ሐኪም ሳይሆኑ የሰመመን (የማደንዘዣ) ሐኪም ነበሩ።

ቨርጂኒያ አፕጋር በ1909 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ተወለዱ። በ1933 በኒው ዮርክ ከሚገኘው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቀው የቀዶ ሕክምና ሥልጠና ጀመሩ። የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ኃላፊ ዶ/ር አለን ዊፕል ግን ወደ ሰመመን እንዲዞሩ መከሯቸው። ጊዜው የኢኮኖሚ ቀውስ ስለነበር ሴት ቀዶ ሐኪም ሥራ አግኝታ መኖር ይከብዳት ነበር፤ በዚያ ላይ ሰመመን ካልተሻሻለ ቀዶ ሕክምናም እንደማያድግ ዊፕል ያምኑ ነበር።

ችግሩ የት ይማሩ የሚለው ነበር። ዛሬ በአሜሪካ አንድ ሐኪም የሰመመን ስፔሻሊስት ከሆነ በኋላ ፌሎውሺፕ በሚባለው ሥልጠና አንድ ዓመት ሙሉ የወሊድ ሰመመንን ብቻ መማር ይችላል። ያኔ ግን ሰመመንን በአብዛኛው የሚሰጡት ነርሶች ነበሩ፤ ሐኪሞችን የሚያሠለጥን ቦታ በጣት የሚቆጠር ነው። አፕጋር መጀመሪያ በራሳቸው ሆስፒታል ከነርሶቹ ጋር ተማሩ። ቀጥሎ ዊስኮንሲን ዶ/ር ራልፍ ዋተርስ ዘንድ፣ ከዚያም ኒው ዮርክ ቤልቪው ሆስፒታል ሄዱ። በ1938 ተመልሰው የኮሎምቢያን የሰመመን ክፍል መምራት ጀመሩ። ሐኪሞች ዘርፉን ዝቅ አድርገው ያዩት ስለነበር ሠልጣኝ ማግኘት ለዓመታት ፈተና ሆኖባቸው ቆይቷል።

በ1949 በዚያ የሕክምና ትምህርት ቤት ሙሉ ፕሮፌሰር የሆኑ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። አዲስ የተቋቋመው የሰመመን ዲፓርትመንት ኃላፊነት ግን ለሌላ ሐኪም፣ ለወንድ ተሰጠ። እሳቸውም ፊታቸውን ወደ ማዋለጃ ክፍል አዞሩ። ያልፈለጉት መንገድ ነበር ቢባል እንኳ፣ እኛ ያተረፍነው ከዚህ ነው።

በዚያ ዘመን ልጁ እንደተወለደ የሁሉም ዓይን እናትየዋ ላይ ነበር። ደክሞ የተወለደ፣ ቶሎ ያልተነፈሰ ሕፃን ፈጥኖ የሚያየው አልነበረም። አፕጋርን ያሳሰባቸው ደግሞ ሙያቸው ራሱ ነው፤ ለእናት የሚሰጥ ማደንዘዣ በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ ሕፃኑን ምን ያደርገዋል? ይህን ለማወቅ መለኪያ ያስፈልጋል። እንደሚነገረው አንድ ቀን ቁርስ ላይ አንድ የሕክምና ተማሪ አዲስ የተወለደ ሕፃን እንዴት እንደሚመዘን ጠየቃቸው፤ እሳቸውም ወረቀት ስበው አምስት ነገር ጻፉ። የልብ ምት፣ አተነፋፈስ፣ የጡንቻ ጥንካሬ፣ ሲነካ የሚሰጠው ምላሽ፣ የቆዳ ቀለም። ለእያንዳንዱ 0፣ 1 ወይም 2 ይሰጣል። ሥራው በ1953 ታተመ።

ከዚያ ከዶ/ር ስታንሊ ጄምስና ከዶ/ር ደንካን ሆላዴይ ጋር የሕፃናቱን ደም መመርመር ጀመሩ። ዝቅተኛ ነጥብ ያገኙት ሕፃናት ደማቸው ኦክስጅን ያነሰው፣ አሲድ የበዛበት ሆኖ ተገኘ። ሳይክሎፕሮፔን የተባለው በትንፋሽ የሚሰጥ ማደንዘዣ ሕፃናትን እንደሚያደክምም ታየ፤ በወሊድ ላይ መጠቀሙም እየቀረ ሄደ። ዛሬ በኦፕራሲዮን ሲወልዱ ብዙ ጊዜ ሳይተኙ በጀርባዎ በኩል መርፌ የሚወጉት አንድም ለዚህ ነው፤ ወደ ልጁ የሚደርሰው መድኃኒት በጣም ጥቂት ነው። ማደንዘዣ የሚሰጥዎትን ባለሙያ መጠየቅ አይፈሩ። መቼ እንደበሉ፣ የሚያስቆጣዎት መድኃኒት ካለ፣ ከዚህ በፊት በማደንዘዣ ችግር ደርሶብዎት ከሆነም ይንገሩት።

አፕጋር በ1959 ኮሎምቢያን ለቀው የሕብረተሰብ ጤና ተማሩ፤ ከዚያም ማርች ኦፍ ዳይምስ በተባለው ድርጅት ውስጥ ሕፃናት ይዘውት ስለሚወለዱት የአካል ጉድለት ሠሩ። ቫዮሊን ይጫወቱ ነበር፤ የሙዚቃ መሣሪያም በእጃቸው ይሠሩ ነበር። አንዱን ለመሥራት የሆስፒታል ስልክ ቤት ውስጥ ያለውን የእንጨት መደርደሪያ በሌሊት ነቅለው ወስደዋል ይባላል! አላገቡም፣ አልወለዱም። በ1974 በ65 ዓመታቸው አረፉ።

ወደ ካርዱ እንመለስ። የመጀመሪያው ቁጥር በ1ኛው ደቂቃ፣ ሁለተኛው በ5ኛው ደቂቃ የታየ ነው። ከ7 እስከ 10 ደህና ነው። አስር የማይሞላው ብዙውን ጊዜ እጅና እግሩ ለጥቂት ጊዜ ሰማያዊ መስሎ ስለሚቆይ ነው፤ ይህ የተለመደ ነው። የልጅዎን የወደፊት አእምሮ አይለካም። የመተንፈስ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕፃንም ነጥቡ እስኪሞላ አይጠበቅም፤ ወዲያው ይረዳል። በ5ኛው ደቂቃ ከ7 በታች ከሆነ በየ5 ደቂቃው እስከ 20ኛው ደቂቃ ይደገማል። በእርስዎ ካርድ ላይ እንዲህ ከተጻፈ ምን እርዳታ እንደተደረገለትና ክትትል ያስፈልገው እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ካርዱንም ለሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘው ይሂዱ።