ዶሮቲ ሌቪት፦ የኋላውን ማየት ያስተማረች ሾፌር

እንደሚታወቀው፣ ጅዳ ከምንማረው ተማሪዎች ብዙዎቻችን መኪና መንዳት የጀመርነው አገር ቤት ሳይሆን እዚሁ ነው። ዘመድ ለዑምራ ሲመጣብንም፣ እስከ መካ ያለውን 80 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ይዘን የምንወጣው እኛው ነን።

እኔም መንጃ ፈቃድ ባወጣሁ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አክስቴን ይዤ በዚሁ መንገድ ስሄድ፣ ከፊቴ ያለውን የጭነት መኪና ለማለፍ ፍሬቻ አበራሁና መሪውን ወደ ግራ መለስኩ። ስፖኪዮውን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነበር። ጥሩምባውን እየነፋ በጎኔ ያለፈው መኪና ከአንድ ክንድ በላይ አልራቀኝም። አክስቴ ዱዓቸውን አላቋረጡም፤ የሆነውንም አላወቁም። እኔ ግን ሐረም እስክንደርስ ድረስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው፤ ያስተማረኝ ወንድማችን ደጋግሞ ነግሮኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን፣ መኪናዎች ገና ስፖኪዮ ባልነበራቸው ዘመን ይህንኑ ምክር በመጽሐፍ ያሰፈረችውን ሴት ታሪክ ፈልጌ አነበብኩ። ለአንባብያንም ይጠቅማል በማለት ባጭሩ አቀርበዋለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ዶሮቲ ሌቪት በ1882 ለንደን ውስጥ፣ ሃክኒ በሚባለው ሰፈር፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደች። በወጣትነቷ ኔፒየር በተባለው የሞተር ኩባንያ በጸሐፊነት ተቀጠረች። ለኩባንያው መኪናዎች ገበያ የሚፈልገው ሴልዊን ኤጅ፣ መኪናውን ሴት ስትነዳው ቢታይ የሰው ዓይን ይስባል ብሎ በማሰቡ መንዳት እንድትማር አደረገ። የእርሱ ዓላማ ማስታወቂያ ነበር፤ እርሷ ግን ሙያዋ አደረገችው።

በ1903 በፍጥነት ውድድር ተካፍላ በምድቧ አሸነፈች። በዚያው ዓመት ሃይድ ፓርክ ውስጥ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ በመንዳቷ ተከሳ ተቀጣች። በ1905 ያለ መካኒክ ርዳታ ከለንደን ሊቨርፑል ደርሳ ተመለሰች። በዚያው ዓመት ብራይተን ላይ በሰዓት 128 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በ1906 ደግሞ ብላክፑል ላይ 146 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳች። ያን ጊዜ በዚህ ፍጥነት የነዳች ሌላ ሴት አልነበረችም። ይህም ሆኖ በ1907 ብሩክላንድስ የተባለው የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ ሲከፈት፣ ሴት በመሆኗ ብቻ እንዳትወዳደር ተከለከለች።

ይሁንና ከዚህ ሁሉ ፍጥነት ይልቅ ለእኛ የቀረልን ትምህርቷ ነው። በጋዜጣ ስለ መኪና ትጽፍ፣ ሌሎች ሴቶችንም መንዳት ታስተምር ነበር፤ ከተማሪዎቿ መካከል ንግሥት አሌክሳንድራ እንደነበሩ ይነገራል። በ1909 ሴትና መኪና የሚል ርእስ ያለው መጽሐፍ አሳተመች። መጽሐፉ ሞተር እንዴት እንደሚነሣ፣ ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ፣ ምን እንደሚለበስ ሳይቀር ይዘረዝራል። ከምክሯ አንዱ ሾፌሯ ትንሽ የእጅ መስታወት ከመቀመጫዋ ሥር ባለው መሳቢያ እንድትይዝና፣ መኪና በሚበዛበት መንገድ አልፎ አልፎ ከፍ አድርጋ የኋላውን እንድታይበት የሚል ነው። ለመኳኳያ የሚያዘውን መስታወት የመንገድ መሣሪያ አደረገችው ማለት ነው።

ከ2 ዓመት በኋላ፣ በ1911፣ አሜሪካዊው ሬይ ሃሩን በመጀመሪያው የኢንዲያናፖሊስ 500 ማይል ውድድር መኪናው ላይ መስታወት ገጥሞ ቀረበ። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ኋላቸውን የሚያይላቸው መካኒክ አብሯቸው ሲቀመጥ፣ እርሱ ብቻውን ነድቶ አሸነፈ። ፋብሪካዎች መስታወቱን ከመኪናው ጋር መሥራት የለመዱት ከዚያ በኋላ ነው።

የዶሮቲ መጨረሻ ግን ያሳዝናል። ከ1910 ገደማ በኋላ ስሟ ከጋዜጣ ጠፋ። በ1922 በ40 ዓመቷ መኖሪያ ቤቷ ውስጥ ሞታ ተገኘች። በልብ ሕመምና በኩፍኝ ላይ ሳለች የወሰደችው ሞርፊን እንደገደላት ተመረመረ፤ ሞቷም ድንገተኛ አደጋ ነው ተብሎ ተወሰነ። ዛሬ በየመኪናው ውስጥ መስታወት ሲኖር፣ ስሟን የሚያውቅ ሾፌር ጥቂት ነው።

እንግዲህ ምክሯ ለምን እንደሚያስፈልግ በሕክምናው በኩል ልጨምር። ዓይናችን ከጀርባችን ያለውን ፈጽሞ አያይም፤ ከፊታችን ካለውም አጥርቶ የሚያየው መሐሉን፣ ጥቂቱን ብቻ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ1 ሴኮንድ 28 ሜትር ያህል ይጓዛል። እኛ በ100 ስንሄድ በ140 የሚመጣው ደግሞ በየሴኮንዱ 11 ሜትር ያህል ይጠጋናል። 50 ሜትር ከኋላችን የነበረው 5 ሴኮንድ ሳይሞላ አጠገባችን ነው ማለት ነው። ስለዚህ ስፖኪዮ የሚታየው ከመነሣት፣ ፍሬቻ ከማብራት፣ መስመር ከመቀየር፣ ፍሬን ከመያዝና በር ከመክፈት በፊት ነው። ከአድራጎቱ በኋላ ማየት፣ እንደ እኔ፣ መደንገጥ ብቻ ነው። የጎኑ መስታወት ጎበጥ ያለ ሲሆን ነገሩን አርቆ ያሳያል፤ ከነጭራሹ የማያሳየው ጎንም አለ። በመሆኑም አንገትን ዞር አድርጎ ማየት ይገባል።

በሳዑዲ ዓረቢያ ሴቶች መንዳት የተፈቀደላቸው በሰኔ ወር 2018 ነው። ከእኅቶቻችንም መማር የጀመሩ አሉ። እርስ በርስ የምንማማር እንደመሆናችን፣ አስተማሪ የሆናችሁ ሁሉ ገና ሞተሩ ሳይነሣ ተማሪያችሁን አስቀምጣችሁ፣ በ3ቱ መስታወቶች ውስጥ የሚታየውን አንድ በአንድ አስቆጥሩ። የማይታየውንም አስጠይቁ። ማርሹ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ከኋላ መቀመጫ ዱዓ የሚያደርጉት እናቶቻችን አምነውን ነውና የተቀመጡት።