ድሜጥሮስና ባሕረ ሐሳብ

በቢቸናና በሞጣ አካባቢ ስመ ጥር የሆኑ ጥንታውያን አድባራትና ገዳማት ይገኛሉ። ከእነዚህም መካከል ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ ማርያም በትምህርት ማእከልነታቸው ከጎጃም አልፈው በመላ ኢትዮጵያ የታወቁ ናቸው። በእንዲህ ያሉ የአብነት ትምህርት ቤቶች ከዜማውና ከቅኔው ሌላ ባሕረ ሐሳብ የሚባል የዘመን አቆጣጠር ትምህርት አለ። ይህን ትምህርት ጠንቅቆ ያወቀ ተማሪ፥ ገና ያልመጣው ዓመት ፋሲካ በስንት ቀን እንደሚውል፥ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ያለፈውም ዓመት በምን ዕለት እንደ ገባ አስልቶ ይናገራል። መምህራኑም የትምህርቱን ምንጭ ሲያስረዱ ሁልጊዜ የአንድ ሰው ስም ያነሣሉ። እርሱም የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ ነው።

ድሜጥሮስ የኖረው በ2ኛው መቶ ዓመት ማብቂያና በ3ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በግብፅ ነው። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚተርከው፥ ሥራው እርሻ ነበር እንጂ መጽሐፍ የተማረ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ወቅቱን ሳይጠብቅ ያፈራ የወይን ዘለላ በተክሉ መካከል ቢያገኝ፥ በረከት ለመቀበል ለሊቀ ጳጳሳቱ ለዩልያኖስ ይዞ ሄደ። ዩልያኖስ ግን በእርጅናና በሕመም ተይዞ ሳለ፥ እንዲህ ያለ ፍሬ ይዞ የሚመጣ ሰው ተተኪው እንደሚሆን በራእይ ተነግሮት ነበር። ስለዚህ ገበሬው ስጦታውን አድርሶ ወደ እርሻው ለመመለስ ሲያስብ፥ ሳይወድ በመንበረ ማርቆስ ላይ ተቀመጠ። ይህም የሆነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ189 ገደማ ነው።

ሹመቱ ግን ያለ ነቀፋ አላለፈም። ሕዝቡ ሚስት ያለውና ያልተማረ ሰው እንዴት ይሾምብናል እያለ አጉረመረመ። ትውፊቱ እንደሚለው፥ ድሜጥሮስና ሚስቱ በአንድ ቤት እየኖሩ ድንግልናቸውን ጠብቀው ነበር። ምስጢሩን ለመግለጥ አልፈለገም፤ ነገር ግን ሐሜቱ ሕዝቡን እንዳያሰናክል ብሎ፥ በጉባኤ መካከል የጋለ ፍሕም በልብሱና በሚስቱ ልብስ ታቅፎ ሳይቃጠል በመታየቱ ወቃሾቹ አፈሩ።

የትምህርት ማነሱ ግን በፍሕም የሚመለስ ጉዳይ አልነበረም። በዚያ ዘመን ክርስቲያኖች በፋሲካ ቀን አይስማሙም ነበር። በእስያ የነበሩት አይሁድ በሚያከብሩበት በጨረቃ 14ኛ ቀን፥ ዕለቱ ምንም ይሁን ምን ያከብሩ ነበር። ሌሎቹ ደግሞ ከእሑድ መውጣት የለበትም ይሉ ነበር። ችግሩም ይህ ነው፤ ወራት በፀሐይ፥ የአይሁድ ፋሲካ በጨረቃ፥ እሑድ ደግሞ በሳምንት ይቆጠራሉ። ሦስቱም እኩል አይሄዱም። አንዱ ሲደርስ ሌላው ይቀድማል ወይም ይዘገያል። በአንድ ሃይማኖት ያለ ሕዝብ፥ ከፊሉ ሲጾም ከፊሉ የሚፈስክ ከሆነ አንድነቱ ይናጋል።

ድሜጥሮስም ጾሙ ከሰኞ፥ ስቅለት ከዓርብ፥ ትንሣኤ ከእሑድ እንዳይወጣ ይመኝ ነበር። ሊቃውንቱ እንደሚያስተምሩት፥ ይህን እያሰበ በሌሊት 23 ሱባኤ፥ በቀን 7 ሱባኤ ገባ። አንድ ሱባኤ 7 ቀን ነውና፥ 23 በ7 ሲባዛ 161 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ 11 ይተርፋል። ይህ አበቅቴ ተባለ። እንደዚሁም 7 በ7 ሲባዛ 49 ይሆናል፤ 30 ሲቀነስ 19 ይተርፋል። ይህም መጥቅዕ ተባለ። ሁለቱ ሲደመሩ 30፥ ማለት አንድ ሙሉ ወር ይሆናሉ።

ቁጥሮቹ ከተፈጥሮ ጋር የሚስማሙ ናቸው። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ሲሆን፥ 12 የጨረቃ ወራት 354 ቀን ገደማ ናቸው። ልዩነቱ 11 ነው፤ አበቅቴም ይህ ነው። ፀሐይና ጨረቃ ወደ ቀድሞ ቦታቸው የሚመለሱት በየ19 ዓመቱ ነው። የታሪክ ተመራማሪዎች ይህ ሒሳብ በአንድ ሰው ዘመን አልተፈጸመም ይላሉ። የ19 ዓመቱን ዑደት ከክርስቶስ ልደት በፊት የአቴናው ሜቶን አስቀድሞ ያውቀው ነበር። ከድሜጥሮስም በኋላ አናጦልዮስ፥ ቀጥሎም አንያኖስ የተባለ የእስክንድርያ መነኩሴ አስፋፍተውታል። 19ኙ ዓመት በ28 ሲባዛ የሚገኘው የ532 ዓመት ዐቢይ ቀመርም በዚህ መንገድ ተሟላ።

የአቆጣጠሩ ጥቅም በበዓላት ብቻ የሚወሰን አይደለም። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከነሠራዊታቸው የተሰለፉበት የዐድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ተደረገ። ዕለቱ ምን ነበር? በ1888 ላይ 5500 ብንደምር 7388 ይሆናል። ይህ ለ4 ሲካፈል 1847 ደርሶ ቀሪ አይኖረውም፤ ስለዚህ ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ነው። 7388ንና 1847ን ደምረን 9235ን ለ7 ብናካፍል 2 ይቀራል። ቀሪው 1 ሲሆን መስከረም የሚጠባው ማክሰኞ፥ 2 ሲሆን ረቡዕ ነው። እያንዳንዱ ወር መባቻውን ሁለት ሁለት ዕለት ስለሚያሳልፍ፥ የካቲት 1 ቅዳሜ ይውላል። የካቲት 22ም ቅዳሜ ነው፤ 23ኛው እሑድ ነው። የጦርነቱ ታሪክም እሑድ እንደ ነበር ይመሰክራል።

ድሜጥሮስ በሹመቱ 43 ዓመት ቆየ። በስደቱ ዘመን የእስክንድርያን ትምህርት ቤት ገና የ18 ዓመት ወጣት ለነበረው ለኦሪጌንስ በአደራ ሰጠ። ብዙ ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን ኦሪጌንስ ያለ እርሱ ፈቃድ በፍልስጥኤም ቅስና በመቀበሉ ተጣሉ፤ ሊቁም ከእስክንድርያ ተሰደደ። ያልተማረ ተብሎ የተናቀው ገበሬ በዘመኑ ከነበሩት ሊቃውንት ሁሉ የላቀውን አሳድጎ፥ በመጨረሻ ከእርሱ ጋር ሳይስማማ ቀረ። ድሜጥሮስ በ232 ገደማ ዐረፈ፤ መታሰቢያውም ጥቅምት 12 ቀን ይከበራል።

ወንበሩ ለሌሎች ተላልፏል፤ የወይን ተክሉም ጠፍቷል። አበቅቴና መጥቅዕ ግን ከዐባይ ማዶ ባለው አገር ከመምህር ወደ ተማሪ እየተላለፉ እስከ ዛሬ ዘልቀዋል። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ የበዓላቱ ቀን የሚታወጀው በእነዚሁ ቁጥሮች ነው።

መልመጃ

ሀ. ሕዝቡ የድሜጥሮስን ሹመት የነቀፈው በምን በምን ምክንያት ነው?
ለ. አበቅቴ 11 የሆነበትን ምክንያት ከትውፊቱና ከፀሐይና ጨረቃ ልዩነት አስረዱ።
ሐ. በምንባቡ በተሰጠው ዘዴ 2000 ዓ.ም. በምን ዕለት እንደ ገባ አስሉ።
መ. ቀጥሎ ያሉትን ቃላት በዐረፍተ ነገር አግቡ፦ ትውፊት፥ ተተኪ፥ መባቻ፥ አደራ።
ሠ. በአካባቢያችሁ ዕውቀት ያስተላለፉ የአንድ ሽማግሌ ወይም መምህር የሕይወት ታሪክ በሦስት አንቀጽ ጻፉ።