የአድሚራል ቶጎ የሕይወት ታሪክ

ቶጎ ሄይሃቺሮ በ1848 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በደቡብ ጃፓን፣ በካጎሺማ ከተማ፣ ከሳሙራይ ወገን ተወለደ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ በ1863፣ የእንግሊዝ ጦር መርከቦች መጥተው ከተማይቱን በመድፍ ደበደቡ። ቶጎም ከመድፈኞቹ ጋር ተሰልፎ ተዋጋ። የአገሩ ሰዎች በጀግንነት ቢከላከሉም መድፎቻቸው ያረጁ ነበሩና፣ ብዙ ቤት ተቃጠለ።

የሚያስደንቀው ግን ቶጎ ቂም ይዞ አልቀረም። በ1871 ከተማውን ካቃጠሉት ሰዎች አገር ሄዶ የመርከብ ትምህርት ተማረ። በ1875 እንደ ተራ መርከበኛ ሆኖ፣ ጨው የበዛበት ሥጋና ደረቅ ብስኩት እየበላ፣ ዓለምን ዞረ። በ1878 ወደ አገሩ ተመለሰ።

በ1904 ጃፓንና ሩሲያ ጦርነት ሲገጥሙ ቶጎ የመርከቦቹ ሁሉ ጠቅላይ አዛዥ ነበር። ሩሲያ በአድሚራል ሮዠስትቬንስኪ የሚመሩ መርከቦችን ከባልቲክ ባሕር ላከች፤ መንገዱም ሰባት ወር ፈጀ። ቶጎ ይህን ጊዜ በከንቱ አላሳለፈውም። መርከቦቹን አስጠገነ፤ በኮርያ ጠረፍ መድፈኞቹን ደጋግሞ ዒላማ አለማመደ፤ በባሕሩ መተላለፊያ ላይም ቃፊር መርከቦች አቆመ። በግንቦት 27 ቀን 1905 ሊነጋጋ ሲል ከአንዱ ቃፊር በሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ወሬ ደረሰው።

ከቀትር በኋላ በጹሺማ ጦርነቱ ተጀመረ። ቶጎ፣ እንግሊዝ አገር በተሠራችው ሚካሳ በተባለች መርከብ ላይ ቆሞ፣ በጠላት መድፍ ፊት ሰልፉን አዙሮ የሩሲያዎቹን መንገድ ዘጋባቸው። በሁለት ቀን ውስጥ ነገሩ አለቀ። ከ38ቱ የሩሲያ መርከቦች ቭላዲቮስቶክ የደረሱት ሦስት ብቻ ነበሩ። ጃፓን ያጣችው ሦስት ትናንሽ የቶርፔዶ ጀልባዎችን ነው። ይሁን እንጂ ከ4,000 የሚበልጡ የሩሲያ ልጆች ያን ሁሉ ባሕር አቋርጠው መጥተው በዚያ መቅረታቸው ያሳዝናል። ቶጎም ቆስሎ የተማረከውን ሮዠስትቬንስኪን በሆስፒታል ሄዶ ጠየቀው።

በግንቦት 30 ቀን 1934፣ በ86 ዓመቱ፣ አረፈ። ለቀብሩ መርከብ ከላኩት አገሮች አንዷ እንግሊዝ ነበረች። ሚካሳም ዛሬ በዮኮሱካ ከተማ ሙዚየም ሆና ትታያለች።

ውድ አንባብያን፣ የጹሺማ ድል የተገኘው በሁለት ቀን ሳይሆን፣ ማንም ባላየው በብዙ ዓመት ትምህርትና ልምምድ ነው። እኛም ተማሪዎች ፈተና ደጃፍ ላይ ሲደርስ ብቻ መጽሐፍ የምንገልጥ ከሆነ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ መሆኑ አይቀርም።