ትምህርት ቤት ያልጠገበው መምህር

የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን ከቀደሙት ሊቃውንቷ አንዱ የሆነው ጆን ኔቪንስ አንድሩዝ እ.ኤ.አ. በ1829 በአሜሪካ፣ በሜይን ግዛት ፖላንድ በተባለች መንደር ተወለደ። ትምህርት ቤቱን የተወው ገና በ11 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ግሪክኛ፣ ዕብራይስጥና ላቲን ያጠናው በግል ጥረቱ ነው።

በ1853 ለስብከት አገልግሎት ተሾመ። በዚያን ጊዜ ሰንበት አክባሪዎቹ ወንድሞቹ ሰባኪ የሚሠለጥንበት ተቋም አልነበራቸውም። ስለሆነም አንድሩዝ ከአገር አገር እየዞረ ይሰብክ፣ ያገኛትንም ትርፍ ሰዓት በንባብና በጽሕፈት ይፈጅ ነበር። ዳሩ ግን ሥጋ የማይችለው ሸክም ነበርና በ1855፣ ዕድሜው 26 ሲሆን፣ ድምፁ ተዘጋ፣ ዐይኑም ፈዘዘ። አገልግሎቱን ትቶ በአዮዋ ግዛት ዋኮን በተባለች መንደር ከቤተሰቡ ጋር ወደ እርሻ ሥራ ገባ። ወደ ሰባኪነቱ የተመለሰው በ1859 ነው።

ከዚያ በኋላ የሠራው ሥራ የብዙ ሰው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1861 ስለ ሰንበት ታሪክ የደረሰውን መጽሐፍ አሳተመ። በ1864፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ወቅት፣ የጦር መሣሪያ ማንሳት እምነታቸው ለማይፈቅድላቸው ምእመናን ለመሟገት ወደ ዋሺንግተን ተላከ። ከ1867 እስከ 1869 ደግሞ የጠቅላላ ጉባኤው ፕሬዚዳንት ሆነ።

በ1872 ባለቤቱ አንጀሊን ሞተችበት። ከሁለት ዓመት በኋላ ቻርልስና ሜሪ የተባሉትን ልጆቹን ይዞ ወደ ስዊዘርላንድ ተሻገረ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከሰሜን አሜሪካ ውጭ በይፋ የላከችው የመጀመሪያው ሚስዮናዊ እርሱ ነበር። በዚያም ፈረንሳይኛውን ለማቅናት ሲል በቤቱ ውስጥ በፈረንሳይኛ ለመነጋገር ከልጆቹ ጋር ቃል ተጋባ፤ በ1876ም በባዝል ከተማ የፈረንሳይኛ መጽሔት ማዘጋጀት ጀመረ። በመጽሔቱ ሥራ የምትረዳው ሜሪ በ1878 በሳንባ ነቀርሳ በ17 ዓመቷ ሞተች። እርሱም በዚያው በሽታ ተይዞ በ1883 በ54 ዓመቱ በባዝል ዐረፈ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ ነው ይባላል። አንድሩዝ የተሸከመው ሎሚ ለሌሎች የተከፋፈለው ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በሥራ ላይ ላሉ መምህራንና ሰባኪዎች የከፍተኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት በ1934 በካሊፎርኒያ፣ በፓሲፊክ ዩኒየን ኮሌጅ ተጀመረ። በ1937 ወደ ዋሺንግተን አጠገብ ተዛወረ። በኋላም ወደ ሚሺጋን ሄዶ በዚያ ከነበረ ኮሌጅ ጋር ተዋሐደና፣ ተቋሙ በ1960 አንድሩዝ ዩኒቨርሲቲ ተባለ።

በዚህ ስያሜ ውስጥ ለማንኛውም የሙያ ማኅበር የሚሆን ቁም ነገር አለ። በግል ጥረት ሊቅ የሚሆን ሰው ይገኛል፤ ነገር ግን ሙያው በእርሱ ጤንነትና ዕድሜ ላይ ብቻ እንዲቆም መተው፣ መላውን ጣሪያ በአንድ ምሰሶ እንደ ማቆም ነው። ባለሙያ ሥራ ከጀመረ በኋላም ተመልሶ የሚማርበት ቦታ ማደራጀት እንደ ቅንጦት የሚቆጠር አይደለም። ለዚህም የአንድሩዝ ድካም በቂ ምስክር ነው።